ከጎን የተሣለው ሰው

ጥር 22 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት፣ በቀየት ከተማ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የሥዕሎቹ ባለቤት መምህር ኃይለ ኢየሱስ፤ እናቱ ወይዘሮ ዘነበች፤ ሪባን ሊቈርጡ መቀስ በሳህን የያዙት የባህል ሠራተኛው አቶ አወቀ፤ ባለወፍጮው አቶ ጌጡ፤ ከገበያ ጎራ ያለ አርባ የሚሆን ሰው፤ ከሁሉም ኋላ ደግሞ፣ በሩ አጠገብ፣ ቀጥቃጩ አቶ ሽመክትና ልጃቸው የምሥራች።

አቶ ሽመክት ለፋሲካ ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ትከሻቸውን እየነቀነቁ «ይኼ ኮት ጠቦኛል መሰለኝ» ብለው ነበር።

«የለም አባዬ፣ ሙሽራ መስለሃል።»

«ሙሽራዋስ አንቺ ነሽ» ብለው ሣቁ። የምሥራች አባቷ እንዲህ ሲሥቁ ካየች ስንት ጊዜዋ ነበር።

አሁን በሕዝቡ ራስ ላይ ተንጠራርታ ኃይለ ኢየሱስን ፈለገችው። እሱም አያት። ዐይነ አፋር ነውና ወዲያው አቀረቀረ፤ ጆሮዎቹ ግን ቀሉ። ለእሷ ያ በቂ ነበር።

አቶ አወቀ ስለ መንዝ የእጅ ሥራና ኢንዱስትሪ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉና የመጀመሪያውን ሥዕል ገለጡ። ከበግ ጠጉር ባና የሚሠራ ሸማኔ ነበር፤ ከክሩ መካከል ቀና ብሎ ፈገግ ይላል። ሁለተኛው የናፍጣ ወፍጮው ነበር፤ አቶ ጌጡ በዱቄት ነጥተው ከሞተሩ አጠገብ ቆመዋል።

«ጌጡ ሆይ፣ በወረቀትም ዱቄቱን አላራገፍኸውም!» አለ አንዱ።

«ባራግፈውማ በምን ታውቀኝ ነበር?» አሉ አቶ ጌጡ። አዳራሹ በሣቅ ሞላ።

ሦስተኛው ጨርቅ ሲነሣ ሣቁ ቆመ።

ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጥላሸት ጥቁር ነው። ከጥቁሩ ውስጥ የጋለ ማረሻ ወጥቶ ያበራል። መዶሻው ያበራል። ፍንጣሪው እንደ ሰኔ መብረቅ ተበትኗል። ከማረሻው በላይ ያጎነበሰው ሰው ደግሞ ከጎን ይታያል፤ ግማሽ ፊት፣ አንድ ዐይን።

በዚያ አገር በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ቆሞ ያላደገ የለም። ጻድቃን ፊት ለፊት ተሥለው በሁለት ዐይናቸው ያዩናል። ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች፣ ሰይጣንም ራሱ፣ እነሱ ናቸው ከጎን ባንድ ዐይን የሚሣሉት። ይህን ሕፃን ሳይነገረው ያውቀዋል። አቶ ሽመክትን ደግሞ አገሩ ከመወለዳቸው ጀምሮ ሲያማቸው የኖረው በዐይናቸው ነው። ቀጥቃጭ ናቸው፤ ቡዳ ናቸው፤ ዐይናቸው ይበላል።

«በስመ አብ!» አለች አንዲት ሴት ቀስ ብላ።

ወይዘሮ ዘነበች ግን ቀስ አላሉም። «እሰይ የኔ ልጅ! እግዜር ዐይንህን ከፈተልህ!» አሉ። «አገር የሚያውቀውን አንተም ይኸው አወቅኸው!» ከዚያም ወደ ጎረቤቶቻቸው ዘወር ብለው፣ «ደግሞ ከዚህ ሰው ቤት ሽማግሌ ካልላክሁ ብሎ በጋውን ሙሉ ሲያስለቅሰኝ ነበር» አሉ።

ሰው ሣቀ። ሁሉም አይደለም፤ ግን ሣቀ።

የምሥራች ኃይለ ኢየሱስን አየችው። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። «እማዬ፣ ተይ» ቢል ይበቃ ነበር። አፉን ከፈተና መልሶ ጫማውን አየ።

«እንሂድ ልጄ» አሉ አቶ ሽመክት። «ከሰሉ ይበርዳል።»

ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ከአክብሮት አልነበረም፣ እንዳይነኳቸው ነው። የምሥራች ከአባቷ ኋላ ስትወጣ የያዛት ነገር ሐዘን መሰላት። ደጅ ብርዱ ፊቷን ሲመታት ሐዘን አለመሆኑን ዐወቀች። ሐዘን እጅን አያሳክክም።

*

ነገሩ የተጀመረው በብረት ነበር።

ባለፈው መስከረም መምህሩ አንድ የተሣለች ወረቀት ይዞ ከአቶ ሽመክት ደጅ ቆመ። በአዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ የመጣ፣ የመሪጌታ ገብረየሱስ ልጅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ወረቀቷ ላይ ያለው መሣሪያ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ብረት ነው፤ በጎበጠው አፉ ላይ ከማበጠሪያ ጥርስ የደቀቀ ጥርስ ተደርድሯል።

«አቶ ሽመክት፣ እርስዎ ይሠሩልኛል ብዬ ነው» አለ።

አቶ ሽመክት ዘወር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ አዩ። በዚያ ከተማ «አቶ» ያላቸው፣ «እርስዎ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ከኋላቸው ወናፍ የምትነፋው የምሥራች ብቻ ነበረች። ያን ዕለት ነው ልቧ የሄደው፤ ለራሷ አልነበረም፣ ለአባቷ ስለተባለችው ለዚያች ቃል ነው።

ብረቱ ከተሰበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ ተሠራ። ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ በሦስተኛው ሆነ። ከዚያ ኃይለ ኢየሱስ በስፋት ሰፌድ የምታህል የመዳብ ሰሌዳ አምጥቶ አሳያቸው። ሥራው ሜዞቲንት ይባላል። ባለ ጥርሱ ብረት በሰሌዳው ላይ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ በቁመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ፣ መዳቡ ሁሉ እስኪሻክር ድረስ። የሻከረ መዳብ ቀለም ይይዛል፤ እንዲሁ ቢታተም ወረቀቱ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። ከዚያ ሠዓሊው ብርሃን በሚፈልግበት ቦታ መዳቡን እየፋቀ ያለሰልሰዋል።

«ሌላው ሥዕል ከነጭ ተነሥቶ ያጠቁራል» አላት። «ይኼ ከጥቁር ተነሥቶ ያበራል።»

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በባሕር ማዶ የተሠሩ የዚህ ዐይነት ሥዕሎች በሥዕል ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ እንዳየ ነገራት፤ የብረት ማቅለጫ፣ የከሰል ጉድጓድ፣ በእሳት ፊት የቆሙ ቀጥቃጮች። ሲናገር ዐይነ አፋርነቱ ጠፍቶ ተቈጣ። «የእነሱን ብረት ሠሪ የእነሱ ሠዓሊ አክብሮ ሣለው። የመንዝን ማረሻ ሁሉ የሠራውን ማን ሣለው? ማን?» የምሥራች ቁጣውን ወደደችለት።

እሱ ቀን ያስተምራል፤ ሰሌዳውን ማወዛወዝ እሷ ወሰደች። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሠራችው። «ወተት መናጥ ነው» ትለው ነበር፣ «ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ቅቤው ብቻ ጥቁር ነው።» አንጓዋ አብጦ በጨርቅ አሰረችው። እሱ እየመጣ አባቷን በእርሳስ ይነድፋል፤ ነድፎ ሲጨርስ ንድፉንም ሰሌዳውንም ይዞ ለገና ዕረፍት አዲስ አበባ ሄደ። ብርሃኑን እዚያ ፋቀ፣ እዚያ አሳተመ። ከዚያም ደብዳቤ ላከላት፦

«የምሥራቼ፣ ሰሌዳሽ ላይ ሌሊት አለ፤ እኔ እያነጋሁት ነው። ይህን ሥዕል ስሰቅል አገር አባትሽን ቀና ብሎ ያያቸዋል። ያን ጊዜ አባቴም እናቴም ‹አይሆንም› የሚሉበት አፍ አይኖራቸውም።»

መሪጌታ ገብረየሱስ በመጨረሻ «አልልክም፣ አልከለክልምም» አሉ። ኃይለ ኢየሱስ ሁለት ሽማግሌ ራሱ ለመነ። የሚመጡት እሑድ ጥር 30 ነው፤ ሁዳዴ ሳይገባ። ደብዳቤውን ከደረቷ ሳትለይ ቀን የቆጠረችው ለዚያ እሑድ ነበር።

*

ቤት ሲደርሱ አቶ ሽመክት ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉ፤ ብረት ከሚቀጠቅጡበት መስፍ አጠገብ ተቀምጠው የሚከስመውን ፍም ተመለከቱ።

«አባዬ፣ ወናፉን ልንፋ?»

«ተዪው።»

«የማሙሽ ማረሻ ለማክሰኞ ተቀጥሯል።»

«በጥፍሩ ይረስ።»

ፍሙ አመድ ለበሰ። በዚያ ቤት እሳት በቀን ሲጠፋ የምሥራች አይታ አታውቅም፤ እናቷ በሞተች ዕለት እንኳ አልጠፋም።

«ሃምሳ ሁለት ዓመት ቡዳ ሲሉኝ በጆሮዬ ነበር የምሰማው» አሉ። «ዛሬ በዐይኔ አየሁት። የሣለበትን ጥርስ ደግሞ በእጄ ሠራሁለት።»

«አባዬ...»

«ስሚ። እሑድ ቢመጡ በሬ ዝግ ነው። አንቺን አላስርሽም፣ መንገዱ ያውልሽ። ምርቃቴን ግን እዚህ ትተሽው ነው የምትሄጂ።»

ያለ አባቷ ምርቃት የትም እንደማትሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። የምሥራች ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። በመንገድ ላይ ስታልፍ ገበያነሽ የምትባል ጠላ ሻጭ፣ «ዛሬስ ደግሞ የማንን ልጅ ልትበሉ ነው?» ብላ ቀለደች። የምሥራች ዘወር አላለችም። ቁጣዋን በመንገድ ላይ ማባከን አልፈለገችም፤ ለአንድ ሰው ነበር የያዘችው።

*

አዳራሹ ባዶ ነበር። ኃይለ ኢየሱስ ብቻውን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ከሦስተኛው ሥዕል በታች አጎንብሷል።

«የምሥራች...»

«ስሜን አትጥራ።»

«ልመጣ ነበር።»

«መቼ? አገሩ ስቆ ሲደክመው?»

ተነሣ። «ስሚኝ፣ የብርሃን ነገር ነው። እሳቱ ያለው በአንድ ወገናቸው ነው። ያኛው ፊታቸው ጨለማ ስለሚሆን...»

«ጌጡንስ መብራት በየት በኩል መታው?» በጣቷ ወደ ወፍጮው ሥዕል ጠቆመች። «ሸማኔውንስ? ሁለት ዐይን አለው። ጌጡ ሁለት ዐይን አለው። የጌጡ ሞተር እንኳ ሁለት ጎማ አለው! የአባቴ ዐይን ነው ለወረቀቱ የበዛበት?»

«ዐውቄ አይደለም። በማርያም።»

«የመሪጌታ ልጅ ነህ! በዚያ ግድግዳ ሥር ነው ፊደል የቆጠርኸው። ባንድ ዐይን የሚሣለው ማን እንደሆነ አንተ ካላወቅህ ማን ይወቅ? እኔ ላስተምርህ?»

«በተማርሁበት ቤት ሰው ከጎንም ከኋላም ይሣላል። ምንም ማለት አይደለም።»

«እዚያ ስቀለዋ! ምንም ማለት ካልሆነበት አገር ስቀለው!»

ድምፅዋ ከቆርቆሮው ጣራ ተጋጭቶ ተመለሰ። ኃይለ ኢየሱስ እንደተመታ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እሷ ግን ተጠጋች፤ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ሥዕሉ።

«ይኼን ጥቁር የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሦስት ወር። እጄ እስኪያብጥ። ብርሃኑን ላንተ ተውሁልህ፣ አምኜህ። ለማን ሰጠኸው? ለማረሻው። ለመዶሻው። ለፍንጣሪው ሳይቀር ሰጠኸው። ብረት ሁሉ ደርሶታል። ጥቁሩ የተረፈው ለአባቴ ነው።»

ኃይለ ኢየሱስ ሥዕሉን ቀና ብሎ አየ፤ ገና አሁን እንደሚያየው ሰው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ሲል የባሰ ሆነ። «ቤታችን እየመጣህ ስትነድፍ የት ነበር የምትቀመጠው?»

«በሩ አጠገብ። ጉቶው ላይ።»

«ለምን?»

«ከበሩ ብርሃን...» ብሎ አቋረጠ።

«ከመስፉ ፊት ለፊት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አይተኸዋል። ከእኔ በቀር ማንም አይቀመጥበትም። ማረሻ የሚያሠራው ገበሬ ሁሉ እጉቶው ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከጎን። ለምን ይመስልሃል?»

ኃይለ ኢየሱስ ፊቱ ገረጣ። «ዐይናቸው እንዳያርፍበት» አለ።

«አንተስ?»

«ልጅ ሆኜ በደጃችሁ ስናልፍ እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር» አለ። «እኔ... ሳላስበው ነው። እግሬ ነው የወሰደኝ። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ፊት ለፊት አልተቀመጥሁም።»

እውነቱን ነበር። ውሸት ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ውሸትን ሰድቦ መውጣት ይቻላል።

«በአፍህ ‹እርስዎ› አልኸው» አለች። «መቀመጫህ ግን እንደ አገሩ ሰው ነው። ዛሬም እናትህ ስትሰድበው ያየኸው ጫማህን ነው። አባቴ ኮት ለብሶ ነበር የመጣው፣ ታውቃለህ? ኮት ለብሶ!»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ሊሰበር ሲል ጥርሷን ነከሰች። ማልቀስን ለእሱ ልትሰጠው አልፈለገችም።

ኃይለ ኢየሱስ ሥዕሎቹን ወዳመጣበት ሣጥን ሄደ። በጨርቅ የተጠቀለለውን ሰሌዳና ባለ ጥርሱን ብረት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አቶ አወቀ ለደብረ ብርሃኑ ዐውደ ርእይ አሥር ቅጂ አዘውኛል» አለ። «ከዚህ ሰሌዳ ነው የሚታተመው። ፊታቸው ያለበት ቦታ ልስልስ ነው። ዳግመኛ ከሻከረ ይጠፋል።»

«አውቃለሁ። መሻከሩን የሠራሁት እኔ ነኝ አልሁህ።»

ብረቱን አነሣች። አባቷ የሠሩት እጄታ በመዳፏ ውስጥ ቦታውን ዐወቀ። ጥርሱን በመዳቡ ላይ፣ በዚያች አንድ ዐይን ላይ ጫነችና ማወዛወዝ ጀመረች። ግራ ቀኝ። ግራ ቀኝ። ሰሌዳው እየሸሸ አስቸገራት። ኃይለ ኢየሱስ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጠርዙን ያዘላት። እጆቻቸው ለመነካካት ጣት ያህል ቀርቷቸው ነበር፤ አልተነካኩም። ዐይኑ ጠፋ። ግንባሩ ጠፋ። አገጩ ጠፋ። ከማረሻው በላይ ፊት በነበረበት ቦታ ባዶ ሌሊት ቀረ።

«መዶሻውንም አጥፊው» አለ በሹክሹክታ።

«መዶሻው ምን አደረገ? መዶሻው ይቆይ።»

ሊሥቅ የቃጣው ነገር በሁለቱ መካከል አልፎ ሄደ። እሷ ግን ቶሎ ፊቷን አጠቆረች፤ ደብዳቤውን ከደረቷ አውጥታ ሰሌዳው ላይ ጣለችው።

«‹አገር ቀና ብሎ ያያቸዋል› ብለህ ጽፈህ ነበር። አስቀድመህ አንተ እየው። ማክሰኞ ትንሹ ገበያ ነው፤ ሰው ሁሉ በደጃችን ያልፋል። እድንጋዩ ላይ መጥተህ ተቀመጥ። ካልመጣህ ሽማግሌዎችህን ወደ ሌላ ቤት ላካቸው።»

«ቢያባርሩኝስ?»

«ተባረራ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ተባሯል፤ አንተ አንድ ቀን ብትባረር ምን ትሆናለህ?»

ወጣች። አንጓዋ እንደ ታኅሣሡ ይጠዘጥዛት ነበር። እየጠላችው ሄደች፤ እየጠላችው ከኋላዋ እርምጃው ይሰማ እንደሆነ ታዳምጥ ነበር። ለዚህም ራሷን ጠላች።

*

ማክሰኞ ጠዋት ብርዱ ገና አልለቀቀም። አቶ ሽመክት ከቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ይኸው ሦስተኛ ቀናቸው። በደጁ በግ የሚነዱ፣ ገብስ የጫኑ ሰዎች ያልፋሉ። የምሥራች ወናፉ አጠገብ ቆማ መንገዱን ላለማየት ትታገላለች።

ኃይለ ኢየሱስ መጣ። ጉቶውን አልፎ ገባና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ሽመክት።»

አቶ ሽመክት ቀና አሉ። በዚያ ድንጋይ ላይ ከልጃቸው ሌላ ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ረጅም ጊዜ አዩት፣ ሆን ብለው፣ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ።

«ዐይኔ ይበላል አሉ። አልነገሩህም?»

«ነግረውኛል።»

«አትፈራም?»

የምሥራች ወደ ድንጋዩ ዞረች። «አልፈራም» ቢል ውሸታም መሆኑን አባቷ በአንድ እይታ ያውቃሉ።

«እፈራለሁ» አለ ኃይለ ኢየሱስ። «ግን ተቀምጫለሁ።»

ገበያተኛው መቆም ጀመረ። አንዱ ሌላውን ጎሸመ። ከመካከላቸው ወይዘሮ ዘነበች ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ብቅ አሉ፤ ልጃቸው የተቀመጠበትን ሲያዩ ዘንቢሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«አንተ ልጅ! ተነሥ ከዚያ! ፊትህን አዙር!»

ኃይለ ኢየሱስ ፊቱን አላዞረም። መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ።

«እማዬ፣ ቅዳሜ የተናገርሽው ነውር ነው። እኔ ዝም ማለቴ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። የሣልሁትም ውሸት ነው። አቶ ሽመክት ሁለት ዐይን አላቸው። ከቀኙ በታች የፍንጣሪ ጠባሳ አለ። ሦስት ወር እዚህ ተመላልሼ ዛሬ ገና አየሁት።»

«ከቤቴ እንዳትደርስ!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። ዘንቢላቸውን አንሥተው ሄዱ። ሰውም አጉረመረመ እንጂ አልሣቀም።

የምሥራች ቁጣዋ የጠፋ መስሏት ደረቷን ፈተሸች። አልጠፋም። እንደ ነበረ አለ፤ አሁን ግን ብቻውን አልነበረም።

አቶ ሽመክት ምድጃውን አቀጣጥለው የማሙሽን ማረሻ አነሡና ወናፉን እንድትነፋ ለልጃቸው ምልክት ሰጡ። ኃይለ ኢየሱስ እስከ ምሳ ሰዓት ከድንጋዩ ሳይነሣ ነደፈ። እሑድ ሁለቱ ሽማግሌዎች መጡ፤ በሩ ክፍት ነበር።